ዱባና ቅል

መስከረም ጋመስ ካለ በኋላ በወጣቶቻችን ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። የብስኩት ሊጥ በጣት ቅርጽ ይድቦለቦላል፤ አንጓው በቢላ ይጫራል፤ ጫፉ ላይ ጥፍር እንዲመስል ለውዝ ይሰካል፤ ከምድጃ ሲወጣም ግርጌው ቀይ ማርማላታ ተነክሮ «የተቆረጠ ጣት» ተብሎ ይቀርባል። ከሱ ቀጥሎ በእንቁላል ነጭና በስኳር የተሠራ መንፈስ፣ በቸኮላት የተሳለ ሸረሪት፣ በብርጭቆ ውስጥ የተሰናዳ መቃብር ይመጣል። መቃብሩ ተፈጭቶ አፈር የመሰለ የካካዎ ብስኩት ነው፤ በላዩ የቆመው ብስኩት ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ነው። በመካከሉ አፍና ዓይን የተቀደደለት ዱባ ሻማ በሆዱ ይዞ ይስቃል።

በዓሉ ሃሎዊን ይባላል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ማታ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ጥቅምት 20። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች በሚበዙባቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎችና የምሽት ቤቶች መከበር ከጀመረ ቆይቷል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት ስለሚመጡ በየዓመቱ ይከራከሩበታል። አሁን ጥያቄው ደብረ ማርቆስ ደርሷል። «ለውዝ ባይኖር ኦቾሎኒ ይሆናል፤ ደሙን በቀይ ሥር ጭማቂ እንሠራለን፤ ጓደኞቻችንን ወደ ኅብረቱ ለመጥራት ጥሩ ምክንያት ነው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ።

እነዚህ ልጆች ክፉ አይደሉም። ወጥ ቤት ገብቶ ለሌላው የሚደክም ወጣት ስልኩን ታቅፎ ከሚውለው ይሻላል። የማያምኑ ጓደኞችን መጥራትም ምኞቱ መልካም ነው። ቢሆንም ይህ ድግስ በእኛ ከተማ፣ በእኛ ጎረቤቶች መካከል፣ በክርስቶስ ለሚያምን ወጣት የሚገባ አይደለም እላለሁ። የምለው ግን ከመድረክ በተለመደው ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ ሁለት የተለመዱ መልሶችን ከመንገዱ ላንሣ።

ሁለት የማይረቡ መልሶች

የመጀመሪያው መልስ «የበላው ሰው ጋኔን ይገባበታል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ አባቶችና እናቶች ለነፍሳችን ስለሚያስቡ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ወደ ሰው የሚገባው ምግብ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ልብ እንደማይሄድ፣ ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ በግልጽ አስተምሯል። ዱቄትና ስኳር በጣት ቅርጽ ስለተጋገረ የሰይጣን ማደሪያ አይሆንም። ሰይጣን በብስኩት ይጋታል ብለን ስናስተምር፣ ከእግር በታች በተጣለ እንቁላል ወይም በደጅ በተቀበረ ነገር ሰው ይታሰራል የሚለውን የመተት ትምህርት በወንጌል ልብስ መልሰን እያስገባን ነው። ወጣቱም አንድ ቀን ይበላዋል፤ ምንም አይሆንም፤ ያን ጊዜ ብስኩቱን ብቻ ሳይሆን የመካሪውንም ቃል ሁሉ ይንቃል።

ሁለተኛው መልስ ስም መለወጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ማታ «የመከር በዓል» ብለው ሰይመው ከረሜላ ያድላሉ፤ የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተው በየተራ ለልጆች የሚያድሉም አሉ። እነሱ ይህን የሚያደርጉት ልጆቻቸው በሰፈሩ ሁሉ የሚከበረውን በዓል እያዩ ስላደጉና ሌላ መውጫ ስላጡ ነው። በእኛ ሰፈር ግን በዓሉ የለም። በሽታው ሳይኖር መድኃኒቱን መዋጥ ምን ይሉታል? ደግሞም ጥቅምት 21 ጎዛምን ላይ ጤፉ ገና በማሳ ነው፤ ገበሬው ዝናብ እንዳይመታበት እየሰጋ ነው። ያልታጨደ እህል ላይ ቆሞ «የመከር በዓል» ማለት ከማን አገር ሰማይ በታች እንደምንኖር መርሳት ነው።

በዓሉ ከየት መጣ?

ከመቃወም በፊት ማወቅ ይገባል። ሃሎዊን የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ማለት ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ኖቬምበር 2ን ደግሞ የሙታን ነፍሳት መታሰቢያ አድርጋ ትይዝ ነበር። በአየርላንድና በስኮትላንድ ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበሩ የክረምት መግቢያ ልማዶች ከዋዜማው ጋር ተቀላቀሉ። በእንግሊዝ ድሆችና ልጆች በየደጁ እየዞሩ «የነፍስ ኬክ» የሚባል ትንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር፤ በምላሹም ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ነበር። አየርላንዶች በ19ኛው መቶ ዓመት በረሃብ ምክንያት ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልማዱን ይዘውት ሄዱ። በአገራቸው ሥራ ሥር ፈልፍለው መብራት ያስቀምጡበት የነበሩ ሰዎች እዚያ ዱባ አገኙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ራሽን ሲነሣ የከረሜላ ፋብሪካዎች ገቡበት፤ የዛሬው መልክ ያኔ ተሟላ።

እንግዲህ ጣፋጩ ከመጀመሪያውም ጣፋጭ ብቻ አልነበረም። ሥሩ ሕያዋን በሚጋግሩት ነገር ለሙታን ነፍስ ይጠቅማሉ የሚል እምነት ነው። ይህን እምነት እኛ የጎጃም ሰዎች ከማንም በተሻለ እናውቀዋለን፤ በተዝካር ድግስ አድገናል።

የዚያን ዋዜማ ሌላ ታሪክም ልናውቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ማርቲን ሉተር 95 አንቀጾቹን ለሊቀ ጳጳሱ ላከ፤ በዊተንበርግ የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም እንደለጠፋቸው ይነገራል። ያ ቤተ ክርስቲያን ራሱ የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በማግሥቱ በሚከበረው በዓል ገዥው የሰበሰበው ብዙ ዐፅመ ቅዱሳን ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ ለተሳለመውም የቅጣት ስርየት ተስፋ ይሰጠው ነበር። በአካባቢው ደግሞ ለሞቱ ዘመዶች ሳይቀር የስርየት ወረቀት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ሉተር የተነሣው በዚህ ላይ ነው፤ የሞተ ሰው ነፍስ በገንዘብ አትገዛም አለ። ይህ ሰው በኋላ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ስለ ሃይማኖት ከእርሱ ጋር ተነጋግሯል። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፣ አባቶቻችን ስለ ሞትና ስለ ጸጋ ይህን ያህል የተከራከሩበት ማታ እኛ የራስ ቅል ብስኩት ስንጋግር ብንገኝ ምን እንባላለን? «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል ያገራችን ሰው። ሐረጋቸው ይመሳሰላል፤ ፍሬያቸው ግን አንዱ ለወጥ ነው፤ ሌላው ባዶ ሆዱን ይሰቀላል። አንድ ማታ ሁለት ሐረግ በቅሎበታል፤ ከየትኛው እንደምንቆርጥ መለየት አለብን።

ጎጃም ላይ «በላው» ቀልድ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአሜሪካ ከተማ የተቆረጠ ጣት ብስኩት ሲበላ የሚያስቀው፣ ሰው ሰውን ይበላል ብሎ የሚፈራ ስለሌለ ነው። እኛ ዘንድ ግን አለ። «ቡዳ በላው» የሚለው ቃል ዛሬም ቤት ያፈርሳል። ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ይልቅ ማን እንዳየው የሚጠይቅ ቤተሰብ አለ። የታመመችው ሴት ጪስ ታጥና «ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ» ስትባል የአንድ ጎረቤት ስም ይወጣል። ስሙ የወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ወይም ቀጥቃጭ፣ ወይም ሸማኔ፣ ወይም ቆዳ ፋቂ። ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል፤ ልጁ ልጃችንን አያገባም፤ ማዕዳችን ላይ አይቀመጥም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ «ጠይብ» የሚለው ቃል ግን አሁንም እንደ ስድብ ይወረወራል።

በአንድ ጉባኤ ውስጥ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አለች እንበል። ወደ ጌታ የመጣችበት አንዱ ምክንያት በመጀመሪያው እሑድ ሰዎች ከእጇ ውኃ ተቀብለው ስለጠጡ ነው። ለእሷ ወንጌል ማለት ይህ ነበረ፤ ሰው በላ ተብላ የኖረችው ልጅ በጌታ ማዕድ እኅት ሆነች። በጥቅምት 21 ማታ ጠርተናት የሰው ጣት፣ የሰው ዓይን፣ በቀይ ሥር የተነከረ «ደም» በሳሕን እናቀርብላታለን? እየሳቅን «ብዪ እንጂ!» እንላታለን? በዚያ ክፍል ውስጥ የማይስቅ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። እኛ ቀልድ ያልነው የእሷ የልጅነት ዘመን ነው።

ሌላም ሰው አለ፤ ትናንት ክታቡን ከአንገቱ በጥሶ የመጣ። በየዓመቱ ለዛር ዶሮ ሲታረድ፣ የዶሮው ቀለም ሲመረጥ ያደገ። በኤፌሶን ያመኑት የአስማት መጻሕፍታቸውን በአደባባይ እንዳቃጠሉ፣ ዋጋቸውም 50 ሺህ ብር እንደደረሰ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ይነግረናል። በእኛም መካከል እንዲሁ ውድ ዋጋ ከፍለው የመጡ አሉ፤ ክታቡን በበጠሱበት ቀን እናታቸው ያለቀሰችባቸው፣ ወንድማቸው ያኮረፋቸው። እነሱ ጥለውት የመጡትን የመናፍስት ዓለም እኛ በስኳር ሠርተን ብናቀርብላቸው ምን ይማራሉ? ወይ ያ ሁሉ ፍርሃታቸው መሳቂያ እንደነበረ፣ ወይ ደግሞ እዚህም ቤት መናፍስት እንደሚጠሩ። ሁለቱም ይጎዳቸዋል።

«ስኳር ብቻ ነው» ለምትሉ

አንዳንዶች ቅዱስ ጳውሎስን ይጠቅሱልኛል። ጣዖት በዓለም ከንቱ መሆኑን፣ ምግብ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበን እሱ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ጽፏል። እውነት ነው፤ ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻ እናንብበው። ጳውሎስ «እውቀት አለን» የሚሉትን አላሳሳታቸውም፤ እውቀታቸው ልክ ነው። የጠየቃቸው፣ በእውቀታቸው ማን እንደሚሰናከል ነው።

ደካማ ኅሊና ያለው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ደካማ የምንለው በሁሉ ነገር የሚቆጣውን ሽማግሌ ነው። በቁጥር 7 ያለው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጣዖትን እስከ ቅርብ ጊዜ ሲለምድ የኖረ፣ ሥጋውን ሲበላ የድሮው አምልኮ በልቡ የሚነሣበት አዲስ አማኝ ነው። በደብረ ማርቆስ ይህ ሰው ባለ ክታቡ ነው፤ የሸክላ ሠሪዋም ልጅ ናት። ጳውሎስ እንዲህ ያለው ወንድም ከሚሰናከልበት ለዘላለም ሥጋ ባልበላ ይሻለኛል ብሏል። ጳውሎስ ሥጋን ያህል ነገር ሊተው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እኛ በስልክ ያየነውን ብስኩት መተው ይከብደናል? ነፃነታችን የሚለካው በምንበላው ሳይሆን ለሌላው ብለን መተው በምንችለው ነው።

መቃብር ለማን ይቀልዳል?

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የብርጭቆው መቃብር ነው። በሰሜኑ ያገራችን ክፍል የወንጌል አማኞች ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ቦታ ማግኘት የቸገራቸው ጊዜ ነበር፤ ዛሬም የሚቸገሩበት ቦታ አለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሚስዮን ስብከት የተከፈተና ያልተከፈተ ብሎ ከከፈለ ወዲህ፣ እንደ ጎጃም ባሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በሚበዙባቸው ቦታዎች አማኞች ጥቂት ሆነው ኖረዋል። አስከሬን ይዘው «የት እናድርሰው?» ያሉ አባቶች ነበሩ። ከእድር ተወግደው ድንኳን ያጡ፣ ሩቅ መንገድ አስከሬን የተሸከሙ ነበሩ። ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎቻችሁ ጠይቁ፤ ሳይሞቱ ጠይቋቸው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ልጆች የመቃብር ድንጋይ በብስኩት ሠርተው በማንኪያ እየቆፈሩ ሊስቁ አይገባም።

ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ ነው። የደም መልክ ምን እንደሆነ ለማየት ቀይ ሥር መጭመቅ የማያስፈልጋቸው ልጆች በየጉባኤያችን ተቀምጠዋል። አብሮን የሚዘምረው ልጅ ማንን እንዳጣ ሁልጊዜ አይነግረንም።

ሕዝባችን ሞትን የሚያስብበት የራሱ መንገድ አለው። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ያገራችንንም ሰው ስለፈጀ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ሕዝቡ ጢሱን እያየ ያስባል። የዐፅም ልብስ ለብሶ የሚጨፍር የለም። በተዝካርም የጎረቤታችን እናት ሌሊት ተነሥታ ዳቦ ስትደፋ እንባዋ ሊጡ ላይ ይወርዳል። ጸሎቷ ለሞተው ይደርሳል ብለን አናምንም፤ ይህን በትሕትና ልንነግራት እንችላለን። ነገር ግን ዳቦዋን የሚበላው ድሃ ነው፤ ሐዘኗም እውነተኛ ነው። የእሷን ዳቦ «ከንቱ ልማድ» ብለን አንነካም ያልን ሰዎች የሞት ቅርጽ ያለው ኬክ ብንቆርስ፣ ከሁለታችን ለሙታን ክብር ያላት ማን ናት?

ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ፊት ሲቆም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። በዕብራውያን ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው ሥጋና ደም የተካፈለው በሞት ላይ ሥልጣን የነበረውን ሊሽር፣ በሞት ፍርሃት ዕድሜያቸውን ሁሉ በባርነት የታሰሩትን ነፃ ሊያወጣ ነው። ክርስቲያን ሞትን የማይፈራው ሞት ቀልድ ስለሆነ አይደለም፤ የተሸነፈ ጠላት ስለሆነ ነው። የተሸነፈ ጠላትን በአሻንጉሊት መልክ ሠርቶ ቤት ማስጌጥ ድሉን ማክበር አይደለም።

ሙልሙሉን የመለስን እኛ

እስካሁን ለጋጋሪዎቹ ተናገርኩ። አሁን ሁላችንንም የሚነካውን ልበል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። በዋዜማው ልጆች ዱላቸውን ይዘው «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ችቦ ይበራል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። በዓሉ የደብረ ታቦር ነው፤ ጌታችን በተራራው ላይ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ክብሩን የገለጠበት። ሙልሙሉም ብርሃኑን አይተው ቤት መግባት ለረሱ እረኞች ቤተሰቦቻቸው ከወሰዱላቸው ዳቦ ጋር ይያያዛል ይባላል። ይህ ታሪክ በማቴዎስ ምዕራፍ 17 ላይ፣ በእኛም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ።

ታዲያ ከእኛ መካከል ስንቱ ነው በዚያ ማታ መብራት አጥፍቶ የሚቀመጥ? ስንቱ ነው «እኛ ጴንጤ ነን፣ አናከብርም» ብሎ በሩን በልጆች ፊት የሚዘጋ? ልጆቹ ስለ ነገረ መለኮት ሊከራከሩን አልመጡም። የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ዳቦ ነው የጠየቁት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በነሐሴ ስለ ጌታ ክብር ለሚዘምር የሰፈር ልጅ የተዘጋ በር፣ በጥቅምት ባሕር ተሻግሮ ለመጣ የመናፍስት ጭፈራ ከተከፈተ ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ ምን ይደምድሙ? «የሀገሩን ሁሉ ይጠላሉ፤ የፈረንጅ ከሆነ ግን ሰይጣኑንም ይጋግሩታል» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ጥቅምት 21 ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ወር በገባ የማርያም ቀን ነው። ጊዜውም ወርኃ ጽጌ ነው፤ ሜዳው ቢጫ ለብሶ፣ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ በሚታይበት ወራት እነሱ ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ጋር ወደ ግብጽ የተሰደደበትን ያስባሉ። ይህም በማቴዎስ ምዕራፍ 2 ያለ ታሪክ ነው። በአንዱ ግቢ ስደተኛው ሕፃን ይታሰባል፤ በሌላው ግቢ፣ ወንጌል አማኞች በሚባሉት ዘንድ፣ የራስ ቅል ላይ ሻማ ይበራል። ወሬው በማግሥቱ ደንበጫና ቢቸና ይደርሳል። ዋጋውን የምንከፍለው በከተማ ያለነው አይደለንም። በገጠር ቀበሌ አምስትና ስድስት ሆነው በአንድ ቤት የሚጸልዩ ወንድሞች ናቸው የሚከፍሉት። «መናፍስት ጠሪዎች» የሚለው ስም ለእነሱ ይወጣላቸዋል፤ በሚቀጥለው ቀብር ቀን ያ ስም ይቆማል።

በቡሄ በሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ሁሉ እንሳተፍ አላልኩም። እያንዳንዱ በኅሊናው ይረዳ። ለልጅ ዳቦ መስጠት ግን ሥርዓት አይደለም፤ ጉርብትና ነው።

ታዲያ ምን እንጋግር?

መጋገሩን አትተዉ። እጃችሁ ሊጥ ለምዷል፤ እግዚአብሔር ይባርከው። የምትጋግሩትንና የምትጋግሩለትን ግን ለውጡ።

ጥቅምት 21 ማታ ተሰብሰቡ። ዱባውን አፍና ዓይን አትቅደዱለት፤ ወጥ ሥሩት። ዱባ በእኛ አገር የጾም ቀን ድሃ የሚጠግብበት ምግብ ነው፤ ፈልፍሎ ደጅ አስቀምጦ ማበስበስ ነውር ነው። ድፎ ዳቦ ድፉ፤ ዳቦ ቆሎ ቁረጡ፤ ፈንዲሻ አፈንዱ። ብስኩት መሥራት የሚችል ብስኩት ይሥራ፤ የጎጃም ማር ይጨምርበት፤ ቅርጹ የቅጠል ይሁን፣ የአደይ አበባ ይሁን፣ ያልተስተካከለ ክብም ይሁን። ማርና ቅቤ በሞላበት አገር ጣፋጭ ነገር ለመሥራት ዐፅም አያስፈልግም።

ዳቦው ሲወጣ ሦስት ቦታ ይሂድ። አንዱ በዚህ ዓመት ሰው ወደ ሞተበት ቤት ይሂድ፤ የቤቱ ሰዎች የእኛ ጉባኤ ይሁኑ አይሁኑ። ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ብዙ አትስበኩ፤ የሞተውን ሰው ስም እየጠራችሁ ደግነቱን ስሙ። የጾም ቀን ከሆነ ቅቤና እንቁላል አታግቡበት፤ የምታከብሯቸው መሆኑን በዚህ ያውቃሉ። ሁለተኛው ወደ ሸክላ ሠሪዎችና ወደ ቀጥቃጮች ሰፈር ይሂድ። እዚያ ግን ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ ከእነሱም ቤት ብሉ። ጎጃም ላይ ከዚህ የበለጠ ስብከት የለም፤ «ሰው በላ» ከተባለ ሰው ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ክርስቶስ የጥልን ግድግዳ እንዳፈረሰ በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። ሦስተኛውን እናንተው ቁረሱት፤ በዚያ ማታ ስለ 95ቱ አንቀጾች ተነጋገሩ፤ ጸጋ በገንዘብ እንደማይገዛ፣ የሞተ ሰው ተስፋ በክርስቶስ ትንሣኤ እንጂ በሕያዋን ምድጃ እንዳልሆነ ተማሩ። ማስፈራራት የሚወድ ታናሽ ወንድም ካላችሁ የሳኦልንና የዓይንዶርን ሴት ታሪክ አንብቡለት፤ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 28 ከማንኛውም ቪዲዮ ይልቅ ያስደነግጣል፤ መጨረሻውም ያስተምራል።

በሚመጣው ነሐሴ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ነሐሴ 12 ማታ መብራታችሁን አብሩ። ደጃችሁን ክፈቱ። ሙልሙል መጋገር የማታውቁ ከጎረቤታችሁ እናት ተማሩ፤ «እማማ፣ ያሳዩኝ» በሏቸው። ይህች አንዲት ቃል ለሃያ ዓመት የተዘጋ በር ትከፍታለች። ልጆቹ ሲመጡ ትኩሱን ስጧቸው፤ ስማቸውን ጠይቁ፤ የማን ልጅ እንደሆኑ እወቁ። ምናልባት አንዱ ልጅ በሌላ ቀን ስለ እምነታችሁ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ባይጠይቅም ጠግቦ ይሄዳል፤ ይህም ለጌታ የተደረገ ነው።